የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፖለቲካን ከባህልና ከሥነ ጽሑፍ ለይቶ ማስተናገድ ይችላልን?

አወያይ፦
በሰሜን ሸዋ ዞናችን ሊቋቋም ለታሰበው የማኅበረሰብ ሬዲዮ የተረቀቀው የመርሐ ግብር ሰሌዳ ሐሙስ ማታ የሁለት ሰዓት መሰናዶ ይዟል፤ ስሙም «ተራማጅ የፖለቲካ፣ የባህልና የሥነ ጽሑፍ ምሽት» ይላል። ከዚህ የውይይት ቡድን አባላት አንዳንዶቹ ፖለቲካው ወጥቶ ባህሉና ሥነ ጽሑፉ ብቻ ይቅር ብለዋል። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ የማይሠራና በማኅበረሰቡ ፍላጎት የሚቋቋም መሆኑን ማንም ስላልካደ፣ በዚያ ላይ ጊዜ አናጥፋ።

መምህሩ (ጡረተኛ፣ ደብረ ብርሃን)፦
እኔ ከስሙ ልጀምር። «ተራማጅ» በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ በወጣበት ዘመን ተስፋ ያዘለ ቃል ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን «አድኃሪ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ የሰው መለያ ሆነ፤ በቀይ ሽብር ጊዜም ገዳዩም ተገዳዩም ራሱን ተራማጅ ይል ነበር። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። አንድ ሰኞ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ሳይመጣ ቀረ፤ ደብተሩ ግን ከዴስኩ ውስጥ ነበር፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻም የነካው አልነበረም። ስለዚህ ቃሉን በሬዲዮ ስሰማው እንደ እናንተ አልሰማውም።

ሥነ ጽሑፉን ግን እደግፋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ እኔ ገጠር የተመደብሁ ወጣት መምህር ነበርሁ። ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ፣ ጎረቤቱ የደከመውን ባትሪ ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማታ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ያልተማረው ገበሬ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር። ያን ምሽት ያቆመው ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ፖለቲካ ቢገባበት ኖሮ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

የመሐል ሜዳዋ፦
ጋሼ፣ ስለ ቃሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ይውጣ። ምሳሌዎ ግን የሚመሰክረው ለእኔ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ጉዱ ካሳ ባላባቱንና ልማዱን እየሞገተ የሚናገረው ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ገበሬው ትንፋሹን የዋጠው ድምፁ ስለጣመው ብቻ ሳይሆን የራሱን ጭሰኝነት ስለሰማበትም ይመስለኛል። ከመርሐ ቤቴ የወጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ደራሲ ነበሩ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ፤ የትኛውን ኅሩይ አስቀርተን የትኛውን እናስተላልፍ?

ለእኛ ለመንዞች ደግሞ ቅርባችን ያለው ጓሳ፣ ያ የደጋ ሣር ምድራችን ነው። አያቴ የጓሳን ሣር ውኃ አርከፍክፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ በሁለት መዳፋቸው እያሹ ገመድ ሲገምዱ አይቻለሁ፤ የቤታችን ክዳንም ከዚያው ሣር ነበር። «ባህል ብቻ» ካልን የምናስተላልፈው ይህን ነው፤ ደስም ይላል። አድማጭ ግን መጠየቁ አይቀርም፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ የነበረው በማን ትእዛዝ ነው? የሚከፈትበትን ቀን ማን ይቆርጥ ነበር? የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ከርስቱ መግባት ያልቻለው ሰውስ ምን ይደርሰው ነበር? የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለዚህ ለመጨረሻው ሰው መብት ሲሰጥ፣ በዚያው እጁ ሣሩንና ጭላዳ ዝንጀሮውን ያቆየውን ነባር የጥበቃ ደንብ አፈረሰ፤ ከዚያም ያገኘ ሁሉ አጨደ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ የሆነው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። የገመዱን ታሪክ ይዞ የመሬቱን መተው እኔ አልችልም፤ የሚችል ካለ ያሳየኝ።

የሸዋ ሮቢቱ፦
የጓሳውን ታሪክ ወድጄዋለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ አድማጭ በስርጭት ላይ እየደወለ የሚናገርበት የቀጥታ ስልክ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል እኛ ዘንድ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ከደረሰው ውስጥ የትኛው እውነት እንደነበረ ለማጣራት ግን ሳምንታት ፈጅቶብናል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ፖለቲካዊ ትችትንና የሥነ ጽሑፍ ሥራን ከክልከላው ማውጣቱን ጠቅሳችሁ ልትከራከሩኝ ትችሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ያ መከላከያ የሚጠቅመው አዘጋጁን በፍርድ ቤት ነው እንጂ፣ አንድ ደዋይ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በተናገረው ቃል ሌሊቱን ቤቱ የሚነድበትን ሰው አይደለም። ስለዚህ ፖለቲካው ይኑር፣ ነገር ግን ተቀርጾ፣ ተደምጦና ተጣርቶ ይተላለፍ።

ሌላው የቋንቋው ነገር ነው። በእኛ ገበያ ማሾና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ለአንዱ በአማርኛ፣ ለሌላው በኦሮምኛ ዋጋ ትጠራለች፤ አፋሩም አርጎባውም ከዚያው ገበያ አለ። የሥነ ጽሑፉ ሰዓት በአማርኛ ግጥም ብቻ ከተሞላ፣ «ፖለቲካ አናስገባም» ባልንበት ሰሌዳ ትልቁን ፖለቲካ አስገብተናል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ እስካሁን ማንም ትንፍሽ አላለም።

መምህሩ፦
በቋንቋው ተረትቻለሁ፤ አላሰብሁበትም ነበር። የጉዱ ካሳንም ነገር፣ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ መለስሽልኝ። የቀረኝ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፦ የማሠራጫውን መብራት፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅና የአዘጋጁን አበል ማን ይከፍላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። ጽሑፉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በጀቱን ከሚሰጠው ሰው ፊት ተቀምጦ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የሚጠይቅ ወጣት አዘጋጅ አንቀጹን በልቡ ይዞት እንኳ ምላሱ ይታሰራል። አንድ ጊዜ በአንድ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ የተማሪ ግጥም አንብቤ በማግስቱ ከማይክሮፎኑ ተነሥቻለሁ፤ ግጥሙ የሚያወራው ስለ ውኃ ቧንቧ ነበር።

የመሐል ሜዳዋ፦
እንግዲያው ገንዘቡ ይቀየር። ከእድሮች፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከአድማጩ በትንሽ በትንሹ የሚሰበሰብ መዋጮ ዝቅተኛውን ወጪ ይሸፍን፤ ከወረዳ የሚመጣ ድጋፍ ካለም ለዕቃ ይሁን፣ ለደመወዝ አይሁን። መዋጮው ሁለት ሰዓት ካልቻለ በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃናል።

አወያይ፦
የቀጥታ ስልክ አይኖርም በሚለው ተቃውሞ አላየሁም። የመክፈቻው ዝግጅት ስለ ጓሳ ይሁን የሚል ሐሳብ በውስጥ መልእክት ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል። መምህር፣ አሁንም ፖለቲካው ይውጣ ይላሉ?

መምህሩ፦
«ተራማጅ» ከተሰረዘና አወያዩ የማንም ፓርቲ አባል ካልሆነ አልቃወምም። ስለ ገንዘቡ ግን አላመንሁም፤ የእድሮቹን ሰብሳቢዎች አነጋግራችሁ ምላሻቸውን እዚሁ ጻፉልኝ።

የሸዋ ሮቢቱ፦
የእኛን እድር እሑድ አነጋግራለሁ። ለጓሳው ዝግጅትም ትረካውን በኦሮምኛ የሚያነብ ሰው አለኝ፤ ጽሑፉ ቀደም ብሎ ይድረሰን።