«የወሩ ጉዳዮች» ገጽ ልጆቹን እንዴት ያሳይ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ

የድረ ገጽ ክፍል አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለጉባኤው ከምናቀርበው የማሻሻያ ሐሳብ እስካሁን ያልተቋጨው «የወሩ ጉዳዮች» የተባለው ወላጅ ገጽ «ልጆቹን»፣ ማለትም በሥሩ ያሉትን የስብሰባ ጥሪዎች፣ የለቅሶ ማስታወቂያዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ፎቶዎች በአንድነት የሚያሳይበት መንገድ ነው። አሁን የወላጁ ቴምፕሌት (የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል) የእያንዳንዱን ልጅ መልክ ራሱ ስለሚጽፍ፣ አዲስ ዓይነት ይዘት በመጣ ቁጥር ሌላ ቅድመ ሁኔታ እየተጨመረበት፣ አንዱን ሲነኩት ሌላው የሚበላሽ ፋይል ሆኗል። የእኔ ረቂቅ፣ ወላጁ ልጆቹን በቅደም ተከተል ይጥራ እንጂ መልካቸውን አይወስን፣ እያንዳንዱ የይዘት ዓይነትም የራሱ ትንሽ ቴምፕሌት ይኑረው፣ ይኸው ቴምፕሌት ልጁ ለብቻው ሲከፈትም በወላጁ ውስጥ ሲታይም ያገልግል የሚል ነው። የድረ ገጽ መሥሪያችን ጃንጎ፣ አንዱን ቴምፕሌት በሌላው ውስጥ በሚያስገባው «ኢንክሉድ» በሚለው ትእዛዝ ይህን ስለሚያስችል ተጨማሪ ነገር መጫን አያስፈልገንም።

ማስታወቂያ የምታዘጋጅ አባል፦
በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ኢንክሉድ» እንዲሁ ሲጠራ የወላጁን ተለዋዋጮች (እንደ ርእስ ያሉ በስም የተያዙ መረጃዎች) በሙሉ ለልጁ እንደሚያስተላልፍ በረቂቁ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። በመስከረም የደረሰብን ከዚሁ የመጣ ነው። የለቅሶ ማስታወቂያው ትንሽ ቴምፕሌት «ርእስ» የሚል ተለዋዋጭ ይጠብቅ ነበር፤ ወላጁ ሲጠራው የሟቹን ርእስ ማስተላለፍ ስለተረሳ የራሱ የወላጁ ርእስ ገባበትና «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» ከሚል አርእስት ሥር የቀብር ሰዓት ተነበበ። ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ደውዬ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ያን የስልክ ንግግር ዳግመኛ ማድረግ አልፈልግም። ጥሪው «ኦንሊ» በሚለው ቃል ቢዘጋ ኖሮ ልጁ የተላለፈለትን ብቻ ስለሚያይ አርእስቱ ባዶ ሆኖ ገና በሙከራ ላይ ሳለን ይታየን ነበር። እንግዲህ ያለ «ኦንሊ» የሚጠራ ልጅ እንዳይኖር በደንብነት ይግባልኝ።

አስተባባሪ፦
እኅታችን፣ ቃልሽ እንዳለ ገብቷል።

የዳታቤዝ ሥራ የሚከታተል አባል፦
ትንንሾቹ ቴምፕሌቶች ለዓይን ቢያምሩም ዳታቤዙን ሳናውቀው እንዳናደክም እሰጋለሁ። ወላጁ 30 ልጆች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ልጅ መልኩን ሲያወጣ የቅርንጫፉን ስም አንድ ጊዜ፣ ፎቶዎቹን አንድ ጊዜ ቢጠይቅ፣ ዝርዝሩን ካመጣው ጥያቄ ጋር 61 ኪዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ይሆናል። ወላጁ ዝርዝሩን ሲያመጣ ቅርንጫፉን በ«ሰሌክት ሪሌትድ» (ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ኪዌሪ)፣ ፎቶዎቹን ደግሞ በ«ፕሪፌች ሪሌትድ» (ሁሉንም በአንድ ተጨማሪ ኪዌሪ) አስቀድሞ ቢጠራ ያው ሥራ በሁለት ኪዌሪ ያልቃል። ስለዚህ መልኩ የልጁ ይሁን፤ መረጃውን ማምጣት ግን የወላጁ ኃላፊነት ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ቃለ ጉባኤ ለአባላት ብቻ የሚታይ ስለሆነ ጉዳዩ ከመልክ ያለፈ መሆኑን አሳስባለሁ። የመመልከት ፈቃድ የሌለው ሰው ወላጁን ሲከፍት ቃለ ጉባኤው በቴምፕሌቱ ውስጥ መደበቁ አይበቃም፤ ገና ወደ ቴምፕሌቱ ከመድረሱ በፊት ከዝርዝሩ መውጣት ይኖርበታል። በተጨማሪም ገጹ እንዲፈጥን ተብሎ የወላጁ ውጤት በሙሉ ካሽ (የተዘጋጀ ገጽ ለዳግም ጥቅም የሚቆይበት ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ከተቀመጠ፣ አንድ አባል የከፈተው ገጽ ቀጥሎ ለሚመጣው እንግዳ እንዳለ ሊቀርብ ይችላል። የቀብር ሰዓት ተለውጦ እንኳ ገጹ አሮጌውን ይዞ ሊቆይ ይችላልና፣ ይህ ለእኔ ከፍጥነቱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

የዳታቤዝ ሥራ የሚከታተል አባል፦
ትክክል ነው፤ ሙሉውን ወላጅ ካሽ ለማድረግ ያቀረብሁትን የቀድሞ ሐሳብ አንሥቻለሁ። በምትኩ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ካሽ ይደረግ፤ በቁልፉም (ከካሹ በሚፈለግበት ስም) ላይ የልጁ መለያና መጨረሻ የታረመበት ሰዓት ይግባ፤ ልጁ በታረመ ቅጽበት ቁልፉ ስለሚለወጥ አሮጌው ከዚያ በኋላ አይነበብም። ለአባላት ብቻ የሚታዩት ግን ጨርሶ ካሽ አይደረጉ።

ከመሥራቾቹ አንዱ፦
ልጆቼ፣ እኔ የምጽፋቸው ጽሑፎች በወላጁ ገጽ ላይ ሳይቆረጡ ሙሉ በሙሉ ስለሚወጡ የሌላውን ቦታ ይሻማሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ እርስዎ እንደ ቀድሞው ሥርዓት ቃላቱን በሁለት ነጥብ እየለዩ፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ ስለሚጽፉ ነው። የጃንጎው መቁረጫ ቃል የሚቆጥረው በክፍት ቦታ ስለሆነ «ሰላም፡ለእናንተ፡ይሁን» ለእርሱ አንድ ቃል ነው። እርስዎ አጻጻፍዎን አይለውጡ፤ ሁለት ነጥብንም እንደ ቃል መለያ የሚቆጥር የራሳችን መቁረጫ እንጽፋለን። ጥያቄዎ የረቂቄን ስሕተትም አሳየኝ። አንድ ትንሽ ቴምፕሌት ለሙሉውም ለአጭሩም ያገልግል ማለቴ አያስኬድም። ድሩፓል የተባለው ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ አንድን ይዘት «ሙሉ» እና «ቲዘር» (አጭር ቅንጫቢ) በሚባሉ የተለያዩ ዕይታዎች እንደሚያሳየው ሁሉ፣ እኛም ለእያንዳንዱ ዓይነት ሙሉ ዕይታና አጭር ዕይታ እናዘጋጅ፤ ወላጁም አጭሩን ብቻ ይጥራ።

በስክሪን ሪደር (ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም አባል፦
አጭሩ ዕይታ የራሱን ዋና አርእስት ይዞ እንዳይገባ አደራ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ በ«ኤች 1» (በከፍተኛው የአርእስት ደረጃ) ስለሚጀምር በአርእስት ስዘዋወር ገጹ የሚጀምርበትንና ልጁ የሚጀምርበትን መለየት አልችልም። የአርእስቱን ደረጃ ወላጁ ያስተላልፍ።

ማስታወቂያ የምታዘጋጅ አባል፦
ቀንም እንዲሁ። ወላጁ «መስከረም 1 ቀን 2018» ሲል ከሥሩ ያለው ልጅ «ሴፕቴምበር 11፣ 2025» ይላል፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የተባለውንም ሌላው ልጅ «8 ሰዓት» ስለሚለው ከቀትር በኋላ የሚመጣ ሰው አለ። ቀንና ሰዓት የሚጽፈው አንድ የጋራ ማጣሪያ ይሁን፤ ማንኛውም ልጅ በራሱ መንገድ ቀን አይጻፍ።

አስተባባሪ፦
እስካሁን በተባለው መሠረት የተስተካከለው የውሳኔ ሐሳብ እንዲህ ይነበባል፦ «ወላጁ ገጽ ፈቃድን አጣርቶ፣ መረጃውን በአንድነት አምጥቶ፣ የለቅሶ ማስታወቂያዎችን በማስቀደም የልጆቹን አጭር ዕይታ በ‹ኦንሊ› ይጥራል፤ ልጁ የተላለፈለትን ብቻ፣ በተሰጠው የአርእስት ደረጃና በጋራው የቀን አጻጻፍ ያሳያል፤ ካሽ የሚደረገው ለሁሉም የተፈቀደ ልጅ ብቻ ነው።» ሙከራውን በለቅሶ ማስታወቂያውና በቃለ ጉባኤው እንጀምር፤ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሹት እነዚህ ናቸውና። ጸሐፊያችን በእንግዳ መለያ፣ እኅታችን በአባል መለያ ገብተው ያዩትን እዚሁ ይጻፉልን፤ ከዚያ በኋላ ረቂቁን ለጉባኤው እልካለሁ።