«ዲፊውዥን»ን ምን እንበለው? ስርጭት ወይስ ስርጸት?

የአዌቱ ማዶ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጅማ ነኝ። ስለ ንዑስ አንጎል በአማርኛ እየጻፍኩ አንድ ቃል ያዘኝ። ንዑስ አንጎል የምለው ከማጅራት በላይ ያለውን ሴሬቤለም ነው። ላቲኑም «ትንሽ አንጎል» ማለት ስለሆነ እሱ አላስቸገረኝም። ትንሽ ይባል እንጂ ከአንጎላችን የነርቭ ሴሎች 80 በመቶ ገደማ የሚገኙት እዚያ ነው። ያስቸገረኝ «ዲፊውዥን ኤምአርአይ» ነው፤ ኤምአርአይ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ኃይል የሚያነሳው የምስል ማሽን ነው። «የስርጭት ኤምአርአይ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ሲያነበው የቴሌቪዥን ስርጭት መሰለው። ምን ይሻላል?

ራጅ ክፍል፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሥራውን እንይ። ማሽኑ የሚከታተለው ውሃን ነው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ቦታ አያርፍም። ብርጭቆ ውስጥ ከሆነ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። በነርቭ ክሮች መሃል ግን ጎንና ጎኑ ስለታጠረ በርዝመቱ ይቀናዋል። ማሽኑ በብዙ አቅጣጫ እየለካ ውሃው ወዴት እንደቀናው ያያል፤ ከዚያ ተነስተን የነርቩ መስመር በየት እንደሚያልፍ እንገምታለን። የራስ ቅል ሳይከፈት! ፈረንሳዊው ዴኒ ለ ቢያን በአንጎል ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ «ስርጭት» አይሆንም። ስርጭት አሰራጭ ይፈልጋል፤ ይህን ውሃ የሚልከው የለም። እኔ «ስርጸት» እላለሁ። ውሃ አፈር ውስጥ ሰረጸ እንደምንለው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ስርጸት ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በግዕዝ «ሠረጸ» በቀለ፣ አቆጠቆጠ፣ ወጣ ማለት ነው። በጸሎተ ሃይማኖት «ዘሠረጸ እምአብ» የምንለው ይኸው ነው። ወደ ውስጥ መግባት በኋላ በአማርኛ የመጣ ትርጉም ይመስለኛል። የንዑስ አንጎል ነጭ ክፍል ለሁለት ሲከፈል የዛፍ ቅርጽ አለው፤ ሐኪሞች በላቲን «ዕፀ ሕይወት» ይሉታል። የሚበቅል ቃል ለሚበቅል ቅርጽ! እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

የጅሬን ልጅ፦
እኔ ስለ «ፔደንክል» ልናገር። ንዑስ አንጎልን ከአንጎል ግንድ ጋር የሚያያይዙት የነርቭ ጥቅሎች ናቸው፤ ላቲኑ «ትንሽ እግር» ማለት ነው። በየጎኑ ሦስት ናቸው። እኛ ጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣውን። ግንድ አለ፣ እግር አለ፤ ሌላ ቃል ለምን እንፈልጋለን? የላይኛው እግር፣ የመካከለኛው እግር፣ የታችኛው እግር።

ራጅ ክፍል፦
እስማማለሁ። ወፍራሙ የመካከለኛው ነው፣ በምስሉም ጎልቶ ይታያል። የሚያስቸግረው የላይኛው ነው። ከንዑስ አንጎል ወጥቶ ወደ ሌላኛው ጎን ሲሻገር የግራውና የቀኙ ክር ይጠላለፋል። በአንዲት የምስል ነጥብ ውስጥ ሁለት መንገድ ሲገናኝ ቀላሉ ስሌት አንዱን ብቻ ያወጣል፣ ወይም ያልነበረ መንገድ ይስላል። ሌላም አለ፤ ምስሉ መስመሩን እንጂ መልእክቱ ይምጣ ይሂድ አያሳይም። በጽሑፍህ «ታየ» ከምትል «ተገመተ» በል። እባክህ ይህችን አደራ።

የአዌቱ ማዶ፦
እሺ፣ አስተካክላለሁ። «ስርጸት» እና «እግር» ገብተዋል። አንድ ቀረኝ። የንዑስ አንጎል ገጽ ላይ ያሉት ቀጫጭን እጥፋቶች በላቲን «ቅጠሎች» ይባላሉ። ዛፉን ተከትዬ «ቅጠል» ልበል፣ ወይስ እንደ ቀሚስ «ሽንሽን»? እናቴ ሥዕሉን አይታ ወዲያው «ሽንሽን ነው» አለች።