ሮዘንዋልድ የሚባለው የትምህርት ፋውንዴሽን አሁንም አለ?

የሜሪላንዱ፦
ሰላም የቤቱ ልጆች። እዚህ ካፒቶል ሃይትስ ውስጥ ሪጅሊ የሚባል ትንሽ የድሮ ትምህርት ቤት አለ፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። በ1927 ለጥቁር ልጆች የተሠራ «የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት» ነው አሉኝ። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው።) እኛ ደግሞ የአንድ ቀበሌ ልጆች ተሰባስበን አገር ቤት የመማሪያ ክፍሎች ለማሠራት እያዋጣን ነው። ሰውየው ማነው? ፋውንዴሽኑስ ካለ ማመልከቻ ብናስገባ ይሰጡናል?

አቡሽ ቺካጎ፦
ማመልከቻውን እርሳው ወንድሜ፣ በ1948 ተዘግቷል። ከስሮ እንዳይመስልህ፣ እንዲዘጋ ያዘዘው መሥራቹ ራሱ ነው።

ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ከጀርመን የመጡ አይሁድ ስደተኞች ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃን እንኳ አልጨረሰም። ልብስ ንግድ ውስጥ ገባ፣ ኋላ ደግሞ ሲርስ ሮባክን መራ፤ ገበሬው ከካታሎግ መርጦ የሚያዝበት፣ ዕቃው በፖስታ የሚደርስበት ድርጅት፣ የዘመኑ አማዞን በለው። ከዚያ ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን ተዋወቀ። ዋሽንግተን በባርነት ተወልዶ አላባማ ውስጥ ቱስኪጊ የሚባለውን የጥቁሮች የትምህርት ተቋም ለትልቅ ደረጃ ያበቃ ሰው ነው። በ1912 ሮዘንዋልድ 50 ዓመት ሲሞላው 25,000 ዶላር ሰጠው። ዋሽንግተንም ከዚያች ላይ 2,800 ዶላር ተርፋለች፣ ለገጠር ልጆች ትንንሽ ትምህርት ቤት እንሥራባት ብሎ ጠየቀው። ስድስት ተሠሩ። በ1917 ነገሩ ፋውንዴሽን ሆነ። እስከ 1932 ድረስ በ15 የደቡብ ግዛቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ቆሙ። ጸሐፊዋ ማያ አንጀሉና የጥቁሮች መብት ታጋዩ ጆን ሉዊስ የተማሩት እነዚህ ውስጥ ነው።

መዝጋቱን በተመለከተ፣ ሰውየው ለዘላለም ባንክ የሚቀመጥ የእርዳታ ገንዘብ አይወድም ነበር። እኔ ከሞትኩ በ25 ዓመት ውስጥ ሁሉም ወጪ ይሁን አለ። በ1932 ሞተ፣ እነሱም ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ጨረሱት።

ትዕግስት አትላንታ፦
አቡሽ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ዋናውን ዘለልከው። ሮዘንዋልድ ሙሉውን ከፍሎ አያውቅም! ጠቅላላ ወጪው 28.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከፋውንዴሽኑ የመጣው 4.3 ሚሊዮን። ጥቁሮቹ ራሳቸው ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን። ከባለሀብቱ የበለጠ ሰጡ ማለት ነው፣ ያውም ብዙዎቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች! ከጥጥ ማሳቸው የአንዷን ጥግ ምርት ለትምህርት ቤቱ ብለው ይለያሉ፣ ሴቶቹ ምግብ ሠርተው ይሸጣሉ፣ እንጨት የሚቆርጥም መሬት የሚሰጥም አለ። ግብር እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ሳለ፣ ግብሩ የነጮቹን ትምህርት ቤት ሲያሳምር እነሱ እንደገና ከኪሳቸው። ስሙ ግን የእሱ ሆኖ ቀረ። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ደረጀ ነኝ፦
ትዕግስት ንዴትሽ ይገባኛል። ግን የቀረውን ማን ከፈለ? አብዛኛውን፣ 18 ሚሊዮን ገደማውን፣ መንግሥት ነው። ፋውንዴሽኑ ገንዘቡን የሚለቀው ሕዝቡ ካዋጣና የአካባቢው የትምህርት ቦርድም ድርሻውን ከከፈለ ነው። ሕንፃውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ሆኖ ይመዘገባል። ለጥቁር ልጅ ሳንቲም ማውጣት የማይፈልገውን ባለሥልጣን በዚህ መንገድ ነው እጁን የጠመዘዙት። መለያየቱን ግን አልነኩትም፣ ትምህርት ቤቶቹ ለጥቁር ብቻ ነበሩ፣ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር መለየትን ሕገወጥ ሲል አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ።

የሜሪላንዱ፣ ለናንተ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። አገር ቤት ድንጋይና አሸዋ ማዋጣት ሕዝባችን ያውቅበታል፣ እሱ አያሳስብም። ክፍሉ ከተሠራ በኋላ መምህር የሚመድበውና ደሞዝ የሚከፍለው ማነው? ወረዳው በደብዳቤ ሳይፈርምላችሁ አንድ ብር እንዳትልኩ።

የሜሪላንዱ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የወረዳውን ደብዳቤ ጨርሶ አላሰብንበትም ነበር፣ ለኮሚቴው ዛሬውኑ እነግራለሁ። አንድ ነገር ግን፣ ሪጅሊ መስኮቶቹ ለምንድነው እንደዚያ ትልልቅና የተደረደሩት?

አቡሽ ቺካጎ፦
መብራት ስላልነበረ ነዋ። ብርሃኑ ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ እንዲገባ አድርገው ነው ያቀዱት፣ ወንበሮቹም ብርሃን በልጁ ግራ ትከሻ በኩል እንዲመጣ ሆነው ይደረደራሉ፣ የሚጽፍበት እጅ ጥላ እንዳይጥልበት። ፋውንዴሽኑ ፕላኖቹን አሳትሞ ያድል ነበር፣ ኮፒያቸው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። እንዳለ አትገልብጡት ታዲያ፣ የእንጨት ቤት ፕላን ነው፣ የኛ አገር ፀሐይም ሌላ ነው። ለመሐንዲስ አሳዩትና መስኮቱን ብቻ ውሰዱ።