የእናቴ ደም ተሻሽሏል፣ እጇ ግን አሁንም እንዳበጠ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሽፋን ሴሎች እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ትወስዳለች። የደም ምርመራዋ ጥሩ ነው፣ ሲአርፒዋም፣ ማለትም የብግነት መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ወርዷል። የቀኝ እጇ አንጓ ግን እንዳበጠ ነው። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ ድርቅ ይሉና የጠርሙስ ክዳን እንኳ መክፈት ያቅታታል። በአልትራሳውንድ ሲታይ «የመገጣጠሚያው ሽፋን ወፍሯል» ተባለ። ሐኪሙ የሽፋኑ ሴሎች ራሳቸው በሽታውን እንደሚያባብሱት ነገረን፤ ወረፋ ስለነበር ብዙ አላብራራልንም። እኔ የማውቀው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያን እንደሚያጠቃ ነው። ታዲያ እነዚህ ሴሎች ምን አገባቸው? እሷ ደግሞ «ደሜ ደህና ከሆነ መድኃኒቱን ላቁመው» እያለችኝ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ እግዜር ይማርልሽ። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሥጋ ሳይኖቪየም ይባላል። ጤነኛ ሲሆን የውስጠኛው ድርድሩ ከ1 እስከ 3 ሴል ብቻ ነው ውፍረቱ። እዚያ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። ማክሮፋጆች ቆሻሻ ይለቅማሉ። ፋይብሮብላስቶች ደግሞ መገጣጠሚያው እንዳይፋተግ የሚያለሰልሱትን ንጥረ ነገሮች ያመርታሉ።

በሩማቶይድ ጊዜ ጠባያቸው ይቀየራል። ፋይብሮብላስቶቹ ይበዛሉ፤ መሞት ሲገባቸውም አይሞቱም። ድርድሩ እየተደራረበ ይወፍራል። ኢንተርሊዩኪን 6 የሚባል ኬሚካል እየረጩ የመከላከያ ሴሎችን ይጠራሉ። የተጠሩት መጥተው ቲኤንኤፍ የሚባል ሌላ ኬሚካል ይለቃሉ፤ እሱ ደግሞ ፋይብሮብላስቶቹን መልሶ ያነሳሳቸዋል። አንዱ አንዱን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል ማለት ነው። በዚህ ላይ ካርቲሌጅን፣ ማለትም የአጥንት ጫፍ ላይ ያለውን ልስልስ ክፍል፣ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። አጥንት በል ሴሎችንም ለሥራ ይቀሰቅሳሉ። የወፈረው ሽፋን ልክ እንደ አረም ካርቲሌጁ ላይ ይሳባል፤ ፓነስ የሚባለው እሱ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ በ1996 የታተመ ሙከራ ነው። ከታማሚዎች የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶችን ከጤነኛ የሰው ካርቲሌጅ ጋር አድርገው የመከላከያ ሴሎች የሌሏቸው አይጦች ውስጥ ተከሉ። ሴሎቹ ማንም ሳያዛቸው ካርቲሌጁን ሰርስረው ገቡ። በ2009 በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ በደም ተጉዘው ራቅ ብሎ የተተከለ ካርቲሌጅ ድረስ ሄደው አጠቁት። ስለዚህ እነዚህ ሴሎች ዝም ብለው ጉዳት የሚደርስባቸው ብቻ አይደሉም፤ ጥፋቱ ውስጥ እጃቸው አለበት።

አንድ አንባቢ፦ መምህር፣ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉንም በእነሱ ላይ አናላክክ። ፀረ ሲሲፒ የሚባለው የደም ምልክት ሕመሙ ከመጀመሩ ዓመታት በፊት ሊታይ ይችላል። ያኔ ሽፋኑ ገና አልወፈረም። ሲጋራም የሚታወቅ መንስኤ ነው። እሳቱን የሚጭረው ሌላ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልክ ነህ፣ ጀማሪዎቹ ናቸው አላልኩም። ከተጀመረ በኋላ ግን ነገሩን አንድ ቦታ ላይ ሙጭጭ አድርገው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። እንዲያውም በ2019 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ሥራ እንደሚከፋፈሉ አሳይቷል። ጠለቅ ብለው ያሉት ፋይብሮብላስቶች ብግነቱን ያራግባሉ፤ ድርድሩ ላይ ያሉት ደግሞ አጥንትና ካርቲሌጁን ያፈርሳሉ። እብጠትና ጥፋት ሁልጊዜ እኩል የማይሄዱት አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ሩማቶይድ ያለባት፦ እህቴ፣ የኔም ደም ንጹሕ ተብሎ ጉልበቴ አብጦ ያውቃል። ሲአርፒ የሚለካው መላ ሰውነትን ነው። አንድ አንጓ ውስጥ ያለ ብግነት ደም ላይ ላይታይ ይችላል። «ደሜ ደህና ነው» ብዬ መድኃኒት አቋርጬ አላውቅም፤ እናትሽም እንዳያቋርጡ በእግዜር ለምኚያቸው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ አሁን ገባኝ። እነዚህን ሴሎች ብቻ የሚመታ መድኃኒት ግን የለም?

የሩማቶሎጂ ክፍል ነርስ፦ ፋይብሮብላስቶቹን ለይቶ እንዲመታ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ያሉት መድኃኒቶች በሴሎቹ መካከል ያለውን መልእክት ነው የሚያቋርጡት። ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መርፌዎች አሉ። ቶሲሊዙማብ የኢንተርሊዩኪን 6ን መንገድ ይዘጋል። ጃክ አጋጅ የሚባሉ እንክብሎችም አሉ። የትኛው ለእናትሽ እንደሚሆን ሐኪማቸው ይወስናል።

ሽፋኑ መወፈሩ ብቻውን ብግነቱ አሁን ንቁ መሆኑን አይነግረንም። የድሮ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በዶፕለር (የደም ፍሰት በሚያሳየው አልትራሳውንድ) ሲታይ የደም ፍሰት አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ፍሰት ካለ እብጠቱ ሕያው ነው። አጥንቱ መበላት ጀምሮ እንደሆነም በኤክስሬይ ይታይላቸው። ያበጠው አንድ አንጓ ብቻ ከሆነ አንዳንዴ እዚያው የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣል።

ሜቶትሬክሴቱን በራሳቸው እንዳያቆሙ። አደራ፣ በየቀኑም እንዳይወስዱት፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ፎሊክ አሲድ ታዝዞላቸው ከሆነ አይርሱት። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካመጡ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው። የጠዋቱ ድርቀት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጻፊና ለሐኪሙ አሳይው፤ ከደም ውጤቱ እኩል ይጠቅመዋል።