ጥቆማ፦ የሶላር የግድግዳ መብራት የቱ ይሻላል?

የውጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሶላር መብራት ለመግዛት ላሰባችሁ፣ የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ባትሪው ተከፍቶ የሚቀየር፣ ፓኔሉም ከመብራቱ ተለይቶ በገመድ የሚገናኝ ግዙ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ምክንያቱም ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። አምፖሉ ገና ለዓመታት ማብራት እየቻለ ባትሪው ቻርጅ መያዝ ያቆማል። ዕቃው የታሸገ ከሆነ በቃ፣ ደህናው መብራት አብሮ ይጣላል፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። የሚከፈት ከሆነ ግን ካቻቢቴ ይዞ ብሎኖቹን መፍታት ነው።

ፓኔሉ አናቱ ላይ የተገጠመለት ባለ አንድ አካል መብራት ለመስቀል ይቀላል፤ ግድግዳችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ካገኘ እሱም ይበቃችኋል። ችግሩ ግን መብራት የምንፈልግበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጥላ ነው፤ በረንዳ ውስጥ፣ የጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ዛፍ አጠገብ። እንዲህ ከሆነ መብራቱን በሩ ላይ፣ ፓኔሉን ጣሪያው ላይ የሚያስኬድ ገመድ ያለው ይሻላል። የፓኔሉን ጥግ ብቻ የሸፈነ ጥላ እንኳን ኃይሉን ክፉኛ ሊቀንሰው ይችላል፣ ፓኔሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ሴሎች በተከታታይ ስለተያያዙ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ፓኔል በጠራ ፀሐይ ቢበዛ 2 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። ከዚህች ፓኔል ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ 100 ዋት ከየት ይመጣል? ሉመኑን (የሚሰጠውን የብርሃን መጠን) እና የባትሪውን አቅም እዩ። ሌሊቱን በደብዛዛው እያበራ ሰው ሲመጣ ቦግ የሚል ሴንሰር ያለው ከሆነ ባትሪው እስከ ንጋት የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው የሙቀት እንቅስቃሴ ስለሆነ ፊት ለፊት ከሚመጣ ሰው ይልቅ በጎን የሚያልፈውን ቶሎ ይይዛል። ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መተላለፊያውን በጎን እንዲያይ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ከሆነ አይፒ 65 (IP65) የሚል ፈልጉ፤ አይፒ ዕቃው አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ቁጥር ነው። አይፒ 44 የሚለው ክዳን ሥር ይሁን።

ባትሪ ስትቀይሩ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፦ 3.7 የተለመደው ሊቲየም አዮን፣ 3.2 ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 1.2 ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። በመጠን አንድ ዓይነት ሆነው ልክክ ብለው ሊገቡ ይችላሉ፣ ግን አይተካኩም። በተለይ በ3.2 ምትክ 3.7 ወይም በተቃራኒው አትግጠሙ፤ የሚሞሉበት ቮልት ስለሚለያይ አንደኛው በደንብ አይሞላም፣ ሌላኛው ከልክ በላይ ተሞልቶ አደጋ ያመጣል። ሙቀት የሚበዛበት ግድግዳ ከሆነ እኔ የምመርጠው መብራቱ ከመጀመሪያው በ3.2ቱ የተሠራ እንዲሆን ነው፤ ሙቀትን ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ክዳኑን ከከፈታችሁ አይቀር ዙሪያውን ያለውን የጎማ ማሸጊያ እዩት። ከቦታው ወጥቶ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። ባትሪው የሚነካቸው ቆርቆሮዎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

መብራቱ ደከመ ብላችሁ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፓኔሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቀን ጠብቁ። አቧራና የወፍ ኩስ ብቻውን ያደክመዋል። ጭራሽ አልበራ ካለ ፓኔሉን በጨርቅ ሸፍኑት። ያኔ ከበራ ዕቃው ደህና ነው፣ ማታ ሌላ መብራት እያረፈበት ቀን መስሎት ይሆናል፤ ፓኔሉን ትንሽ ዞር ማድረግ ይበቃል። ተሸፍኖም ካልበራ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ከዚያ ባትሪውን ፈትሹ።

ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ባዶውን የከረመ ባትሪ ብዙ ጊዜ አይመለስም።