ዴክሳሜታዞን ከቡፒቫኬይን ጋር ስለመጨመር ምክራችሁን እሻለሁ

ሰላም የሰመመን ባለሙያዎች። የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም፣ ወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለክንድ ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣው ቡፒቫኬይን ሱፕራክላቪኩላር ብሎክ (የክንድ ነርቮችን የሚያደነዝዝ መርፌ) እንሰጣለን። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ችግር የለብንም፤ ያስጨነቀኝ ሌሊቱ ነው። ብሎኩ ሲለቅ ሕመሙ በአንዴ ይመጣል። በቅርቡ ክንዳቸው ተሰብሮ ብረት የገባላቸው አንድ ገበሬ አባት "ልጄ፣ እባክህ መልሰህ አደንዝዝልኝ" እያሉ ሲያቃስቱ አደሩ። ዋርድ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞልና ትራማዶል ብቻ ነው።

አድሬናሊን በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮግራም እንጨምራለን፤ ከቡፒቫኬይን ጋር ግን ጊዜውን ብዙም አያራዝምም። ብሎክ የሚያስረዝመው ሌላው መድኃኒት ዴክስሜዴቶሚዲን እኛ ጋ አይገኝም። ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ መድኃኒት) አለን፤ ብሎኩን በሰዓታት እንደሚያስረዝም የታወቀ ነው። ግን የእኛ ብልቃጥ ማቆያ ኬሚካል ስላለበት ነርቭ አጠገብ መስጠቱን ፈራሁት። በደም ሥር ብሰጠው ይበቃል ትላላችሁ? 4 ሚሊ ግራም ነው ወይስ 8 የምትሰጡት? ስቴሮይድ የደም ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ፣ ስኳር ላለባቸውስ? ሐኪም ቤቱ ሁሉ ስኳር ታማሚ ሆኗል፤ ይህን ሳላውቅ መጀመር አልፈልግም። በተለይ እንደኔ መድኃኒት በሚያጥርበት ቦታ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ልምዳችሁን ጻፉልኝ። ሰኞ ተመሳሳይ ታካሚ ተራ ይዟል።