ደቦ፣ ወንፈል ወይስ ወል?

ቃል ለቃሚ፦
ወገኖች፣ አንድ ቃል ከአራሚዬ ጋር አጣልቶኛል። ስለ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር፣ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ «በደቦ የተሠራ ሶፍትዌር» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ደቦን በቀይ ሰርዞ «አንባቢ ይደነግጣል» አለኝ። የደቦ ፍርድ ትዝ ብሎት ነው። እና ቃሉ ሞቷል እንዴ? ካልሞተስ ለዚህ ይሆናል? አደራ፣ «ድር ቢያብር»ን እንዳታመጡብኝ።

የቋሪቱ፦
መጀመሪያ ደቦን ከወንፈል ለይ። በእኛ አገር ደቦ ይጠራል። ባለማሳው አረም ሲበረታበት ወይም አጨዳ ሲደርስበት ጎረቤቱን ይጠራል። ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ይጠብቃል። የመጣው ሠርቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ዘፍኖ ይሄዳል።

ወንፈል ግን ይቆጠራል። ጥቂት ሰዎች ሆነን ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። አባቴ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ በጣቱ ይቆጥር ነበር። «ለእገሌ አንድ ቀን አለብኝ፣ ያውም ከነበሬዬ» ይላል። በሬ ጠምዶ ላረሰልህ ሰው ባዶ እጅህን ሄደህ አይሆንማ። ጅጌ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ብዙ ሰው ይወጣበታል። ደቦና ጅጌን የማይለዩ አገሮችም አሉ።

ኮምፓይለር፦
አባትህ የጂፒኤል፣ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ፣ ጠበቃ ነበሩ ማለት ነው! አልቀለድኩም። ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ አደረገ። የጂፒኤል ፈቃድ በ1989 መጣ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በ1991 የለቀቀው ሊኑክስ የተባለ ሶፍትዌርም በ1992 ወደዚህ ፈቃድ ገባ። ነገሩ ቀላል ነው። ኮዱን በነጻ ውሰድ፣ እንደፈለግህ ቀይረው። የቀየርከውን ለሌላ ሰው ካከፋፈልክ ግን የምንጭ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ ትሰጠዋለህ። ዕዳ አለው። ስለዚህ ወንፈል ነው። እንደ ኤምአይቲ ያለው ፈቃድ ደግሞ የደራሲውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አትንካ እንጂ የራስህን ጭማሪ ብትቆልፍበትም ምንም አይልህም። እሱ ደቦ ነው።

የቋሪቱ፦
ቆይ፣ ቆይ። ወንፈል የሚመለሰው ላረሰልህ ሰው ነው። አንተ እንደምትለው ከሆነ ግን ኮዱ የሚሰጠው ለጻፈው ሳይሆን ከአንተ ለተቀበለው ነው። እኔ ለአባትህ አርሼ አንተ ለማላውቀው ሰው ብታርስ ወንፈል ከፈልክ አልልህም።

ኮምፓይለር፦
ያዝከኝ። ወደፊት የሚሻገር ወንፈል እንበለው?

የቋሪቱ፦
እንዲህ ያለ ወንፈል አላውቅም።

እትዬ መዝገብ፦
ልጆች፣ ስለ ደቦ ፍርድ እኔ ልናገር። ይህ አባባል ሲያናድደኝ ነው የኖረው። ደቦ ጠሪ አለው። ማን እንደጠራው፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያበላ ይታወቃል። ሰው ከቦ የሚደበድብ ማን ጠራው? ማንስ ነው «እኔ ነኝ» የሚል? ለዚያ መንጋ የሚል ቃል አለን፤ የመንጋ ፍርድ ይባል። የገበሬን ቃል ወስደው በደም ነከሩት። አንተም ልጄ፣ በአራሚህ ቀይ እስክሪብቶ አትደንግጥ። ደቦህን መልሰህ ጻፈው።

ቃል ለቃሚ፦
እሺ እትዬ፣ እመልሰዋለሁ። ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለውን የጽሑፍና የሥዕል ፈቃድ ምን ልበለው? «የጋራ» ብዬ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የጋራ አትበል። የጋራ መኖሪያ ቤት ስንል ኮንዶሚኒየም ማለታችን ነው፤ እዚያ ከደረጃው በቀር የምንጋራው የለም። ወል በለው። የወል መሬት፣ የወል ግጦሽ እንላለን። ሰዋስው ላይም የወል ስም አለ፤ ለአንዱ ብቻ የተሰጠው የተጸውኦ ስም ነው። ቃሉ ራሱ ፍልስፍናውን ይዞታል።

ደግሞ ቃሉ ለኮምፒውተር ብቻ አይደለም የሚጠቅምህ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1649 በእንግሊዝ አገር ሰሪ በሚባል አውራጃ ውስጥ ሴንት ጆርጅስ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ጥቂት ድሆች ወጥተው የወሉን መሬት መቆፈር ጀመሩ። ካሮት፣ ፓርስኒፕ፣ ባቄላ ዘሩ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ጄራርድ ዊንስታንሊ ይባላል። ምድር የሁሉም የወል ሀብት ናት የሚል ሰው ነበር። ዲገርስ ተባሉ። ባለርስቶቹ በድብደባና በክስ ከኮረብታው አስለቀቋቸው፤ ወደ ኮብሃም አካባቢ ሄደው እንደገና ቢሞክሩም በ1650 ያም ፈረሰ።

ኮምፓይለር፦
የኛዎቹ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው እንደወጡት ነዋ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቃሉን እየው እንጂ። «ላራሹ» አንድ ሰው ነው። መሬቱ ለሚያርሰው ይሁን ነው የሚለው። ዊንስታንሊ ግን የማንም የግል አይሁን ነበር ያለው። ጥያቄው ቢቀራረብም ሰዋስዉ ይለያያል።

ቃል ለቃሚ፦
ዲገርስን «ቆፋሪዎች» ብላቸው ያስኬዳል?

የቋሪቱ፦
ያስኬዳል። ቆፋሪ ስትል ዶማ የያዘ ሰው ይታየኛል፤ እነሱም ያው ናቸው። የከበደኝ ሌላ ነው። ፓርስኒፕ ምንድን ነው?

እትዬ መዝገብ፦
ነጭ ካሮት በሉትና እለፉ።